ከቤተልሔም ማስመስከር እስከ «ሪቪውር ቱ»

ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። የዜማ ተማሪ የትም አገር ይማር፣ የትኛውም የኔታ ዘንድ ዓመታት ይቁጠር፣ የድጓ መምህር ተብሎ ወንበር ለመያዝ የቤተልሔም ምስክርነት ትልቅ ክብደት አለው። ተማሪው ወደዚያ ይሄዳል፤ ድጓውን ከነምልክቱ ያዜማል፤ በእጁ የገለበጠውን መጽሐፍ ያቀርባል፤ መምህሩ ቃሉንም ምልክቱንም እያዩ ያርማሉ። የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆነችው ዙር አምባም የዚሁ የደቡብ ጎንደር ናት። እንግዲህ በእኛ ደጋ «ይህ ሰው አውቃለሁ የሚለውን በእውነት ያውቀዋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ፣ ጠይቆም መመስከር፣ ከዩኒቨርሲቲ ጋር የመጣ ነገር አይደለም።

በዘመናዊው ትምህርት የዚህ ዘመድ የሚሆነው «የአቻ ግምገማ» ነው፤ በየቢሯችን ግን «ሪቪው» እንለዋለን። ተመራማሪው የጻፈውን ወደ መጽሔት ይልካል፤ አዘጋጁ በዚያው ሙያ ላሉ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ያስተላልፋል፤ እነሱም አንብበው «ይታተም»፣ «ታርሞ ይምጣ» ወይም «አይሆንም» ይላሉ። ሲያወሩት ቀላል ነው። ውስጡ ግን የሰው እድገት፣ የሰው ዓመታት፣ አንዳንዴም የታማሚ ጤና አለበት።

ለዚህ የመገናኛ መጽሔታችን ስለ ግቢ ትዝታ የሚጽፉ ብዙ ናቸው። እኔ ከምረቃ በኋላ ስላገናኘን ነገር ልጻፍ አልኩ። ጎንደር ተምረን ደብረ ታቦር፣ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ፣ ውጭ አገርም የተበተንን ሰዎች ስንገናኝ፣ ከልጆች ወሬ ቀጥሎ የሚነሣው «ያ ጽሑፍሽ ምን ደረሰ?» የሚለው ነውና። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የት ተጀመረ?

ብዙ ወጣት መምህራን ሪቪው ከሳይንስ ጋር አብሮ የተወለደ ይመስላቸዋል። አይደለም። በ1665 ለንደን ውስጥ ሄንሪ ኦልደንበርግ «ፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስ» የተባለውን መጽሔት ሲጀምር፣ የሚታተመውን የሚመርጠው በአብዛኛው ራሱ ነበር። የመጽሔቱን ኃላፊነት ሮያል ሶሳይቲ ወስዶ ጽሑፎችን የሚመርጥ ኮሚቴ ያቋቋመው በ1752 ነው። በጽሑፍ የሚቀርብ የገምጋሚ ሪፖርት የተለመደው ደግሞ በ1830ዎቹ ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን መጽሔቱ ሁሉ አልተቀበለውም። ዛሬ ስሙ ሲነሣ የምንፈራው «ኔቸር» እንኳ ለሚያትመው ጽሑፍ ሁሉ የውጭ ገምጋሚን መደበኛ ያደረገው በ1973 ነው።

አልበርት አንስታይን በ1936 የገጠመው ይህን ያሳያል። ከናታን ሮዘን ጋር ስለ ስበት ሞገድ ጽፎ ወደ «ፊዚካል ሪቪው» ላከ። አዘጋጁ ጽሑፉን ለገምጋሚ ሰጠው፤ ገምጋሚው ስሕተት አገኘበት። አንስታይን ጽሑፌን ሳይታተም ለሌላ ሰው ለምን አሳያችሁብኝ ብሎ ተቆጣና መልሶ ወሰደው። ኋላ ግን ስሕተቱ በእርግጥ ስሕተት ሆኖ ተገኘ፤ ጽሑፉ ድምዳሜው ተለውጦ በሌላ መጽሔት ወጣ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይታየኛል። አንደኛ፣ ያኔ ለዚያ ሁሉ ሊቅ እንኳ ግምገማ እንግዳ ነገር ነበር። ሁለተኛ፣ ስሙ ያልተገለጸ አንድ አንባቢ በጥንቃቄ ሲያነብ ትልቁንም ሰው ከስሕተት ያድናል።

ሶሲዮሎጂም የራሱ መንገድ አለው። «አሜሪካን ጆርናል ኦፍ ሶሲዮሎጂ» በ1895 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ፤ «አሜሪካን ሶሲዮሎጂካል ሪቪው» በ1936 ተከተለ። በዚህ ሙያ ሥር የሰደደው ልማድ ሁለቱንም ወገን መሸፈን ነው፤ ገምጋሚው ጸሐፊውን አያውቅም፣ ጸሐፊውም ገምጋሚውን አያውቅም። በሕክምና መጽሔቶች ግን ገምጋሚው የጸሐፊውን ስምና ተቋም የሚያይባቸው ብዙ ናቸው። «የብሪታንያ ሕክምና ጆርናል» በበኩሉ በ1999 ገምጋሚዎች ስማቸውን ለጸሐፊው እንዲያሳውቁ ወሰነ። ስለዚህ «ሪቪው» ስንል አንድ ሥርዓት የለም፤ እያንዳንዱ ሙያ ማንን ከማን መሸፈን እንዳለበት በራሱ መንገድ ወስኗል።

ወደ አገራችን ስንመጣ ዓመታቱ ቅርብ ናቸው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ በ1954 ሲከፈት በአገር ውስጥ የሕክምና ምርምር የሚታተምበት የራሳችን መጽሔት አልነበረም። «የኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናል» በ1962 ተጀመረ። በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ከነጆርናሉ ተከተለ። «የኢትዮጵያ ጤና ልማት ጆርናል» በ1984 መጣ። የሶሲዮሎጂ፣ የማኅበራዊ ሥራና የአንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች ማኅበር የተቋቋመው ደግሞ በ1996 ነው። ማለትም እኛ ከአርባ በላይ የሆንን ሰዎች የአገራችን የማኅበራዊ ጥናት ባለሙያዎች በማኅበር ተደራጅተው ሥራቸውን እርስ በርስ መመዘን ሲጀምሩ በዕድሜያችን አይተናል።

እንዶድና ያልታመነው ላቦራቶሪ

ስለ ግምገማ ሲወራ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ሊረሳው የማይገባ ታሪክ የዶክተር አክሊሉ ለማ ነው። በ1964 አድዋ ላይ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እናቶቻችን ለነጠላና ለጋቢ የሚጠቀሙበት እንዶድ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ ይገድላል ማለት ነው። የመጀመሪያው ሪፖርት በ1965 የወጣው ገና ሦስተኛ ዓመቱን በያዘው በራሳችን «የኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናል» ላይ ነበር። በ1966 ዶክተር አክሊሉ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ፤ ተቋሙ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ቀጥሎ አድዋ ላይ ከ1969 እስከ 1974 የአምስት ዓመት ሙከራ ተደረገ። የበሽታው ሥርጭት በአጠቃላይ ከ63 ከመቶ ወደ 33 ከመቶ፣ በትንንሽ ሕፃናት ደግሞ ከ50 ከመቶ ወደ 7 ከመቶ ወረደ። ሙሉ ዘገባው በሳይንስ መጽሔት ታትሞ የወጣው በ1983 ነው። አሜሪካ ውስጥ በስታንፎርድ ምርምር ተቋም ተክሉ ውስጥ ያለው ገዳይ ንጥረ ነገር ተለይቶ «ለማቶክሲን» ተብሎ በእሳቸው ስም ተጠራ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ብዙ ዝርያዎችን አወዳድረው ምርታማውን «44 ቁጥር» መረጡ። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ በዓለም አቀፍ ደረጃ መልሶ መላልሶ የሚመጣው ጥያቄ «የመርዛማነቱ ምርመራ በታወቀ ላቦራቶሪ ተሠርቷል ወይ?» የሚል ነበር። ታወቀ የሚባለው ላቦራቶሪ ደግሞ አፍሪካ ውስጥ አልነበረም።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ ልሁን። ሰው በሚጠጣው ውኃ ውስጥ የሚጨመር ነገር መርዛማነቱ ይመርመር ማለት ተገቢ ነው። ሐኪም ሆኖ ይህን የሚቃወም የለም። ችግሩ ጥያቄው አይደለም፤ መልሱን ማን ቢሰጥ እንደሚታመን ነው። ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ሲቀበሉ፣ ዶክተር አክሊሉ ያነሡት ይህንኑ ነበር፤ አፍሪካዊ ሳይንቲስት በአፍሪካ ላቦራቶሪ ያገኘውን ውጤት ሌላው ዓለም ለማመን መቸገሩን። ከመጀመሪያው ግኝት እስከዚያ ቀን ሃያ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር። በእነዚያ ዓመታት ስንት ልጅ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ቢልሃርዚያ ይዞ ወጥቷል?

ሊቦ ከምከም፣ 2005

ከደብረ ታቦር ብዙ ሳይርቅ ያለውን ሊቦ ከምከምን በአዲስ ዘመን ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። በግንቦት 2005 እዚያ ካላዛር ተገኘ። ካላዛር ለእኛ የመተማና የሁመራ በሽታ ነበር፤ ለሰሊጥ አረማና አጨዳ ወደ ቆላ የወረደ ሰው ይዞት የሚመለስ። ደጋ ላይ፣ ከቀዬው ርቆ የማያውቅ ሕፃን ይይዘዋል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። በ2007 «አሜሪካን ጆርናል ኦፍ ትሮፒካል ሜዲሲን ኤንድ ሃይጂን» ላይ የወጣው ጥናት እንደሚለው፣ ወረርሽኙ የጀመረው ከመታወቁ በፊት፣ በ2003 አካባቢ ሳይሆን አይቀርም፤ በነዚያ ጊዜያት መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው እየተባለ ሰዎች ሞተዋል።

ይህ ለምን ሆነ ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው። መልሱ በታሪክ ውስጥ አለ። በ1958 ወባ የኢትዮጵያን ደጋዎች አጥቅቶ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደገደለ ተገምቷል። ከዚያ ወዲህ በጣና ዙሪያ ትኩሳት ያለው ሰው ሲመጣ የባለሙያው ሐሳብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወባ ነው። ስፕሊኑ ቢያብጥም ወባ ያሳብጠዋል። ያልጠበቁትን በሽታ ማየት ለሐኪምም ለገምጋሚም ከባድ ነው።

ከ2005 እስከ 2007 መጨረሻ የድንበር የለሽ ሐኪሞች የሕክምና ማዕከል መዝገብ ተመርምሮ በ2009 በዚያው መጽሔት ታተመ። የታማሚዎቹ መካከለኛ ዕድሜ 18 ዓመት ነበር፤ ከመቶ ሰባ ስምንት ያህሉ ወንዶች ነበሩ፤ ከመቶ አራቱ ሞተዋል። በዚያው ዓመት የወጣው ሌላ ጥናት 171 ታማሚዎችን ከጤነኛ ጎረቤቶቻቸው ጋር አወዳድሮ ሦስት ነገር አገኘ፤ ውሻ ያለው ቤተሰብ፣ ቀን ከግራር ሥር የሚተኛ፣ ሌሊትም ከቤት ውጭ የማደር ልማድ ያለው ሰው ይበልጥ ተጋላጭ ነው።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ ይህ የመጨረሻው ግኝት ነው። ቁጥሩ «ከግራር ሥር የሚተኛ» ይላል። ለምን እንደሚተኛ ግን አይነግረንም። ከብት የሚጠብቀው ማን ነው? ሰብል እየጠበቀ ውጭ የሚያድረውስ የማን ልጅ ነው፣ የባለመሬቱ ወይስ የተቀጣሪው? ከቆላ የተመለሰው ወጣት መሬት ቢኖረው ኖሮ መጀመሪያውኑ ይወርድ ነበር? ይህ የሶሲዮሎጂ ጥያቄ ነው። የአልጋ አጎበር ብቻ ማደል መፍትሔ የማይሆነውም ለዚህ ነው፤ ሰውየው አልጋ ላይ የለማ!

በሁለት ሙያ ድንበር ላይ

እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ ይዞ መጽሔት ፍለጋ የወጣ ሰው የሚገጥመውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የሕክምናው መጽሔት «ናሙናችሁ ትንሽ ነው፣ ቁጥር የለውም» ይላል። የሶሲዮሎጂው መጽሔት «ቲዎሪያችሁ የት አለ?» ይላል። ሁለቱም በራሳቸው ሚዛን ልክ ናቸው። ጽሑፉ ግን መሐል መንገድ ላይ ቀረ።

እኔና የሶሲዮሎጂ መምህር የሆነች ጓደኛዬ ይህን የቀመስነው በትራኮማ ጥናት ነው። ደቡብ ጎንደር የትራኮማ አገር ናት። በሽታው ሲቆይ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ዞሮ ብሌኑን ይፍቃል። ቀዶ ሕክምናው አጭር ነው፤ በዘመቻ ጊዜ ያለ ክፍያ ይሠራል። ታዲያ ተመዝግበው የማይመጡት ሴቶች ለምን ቀሩ? እያንዳንዷ እናት ወረንጦዋን በመቀነቷ ቋጥራ ይዛ፣ ፀጉሩን እየነቀለች ዓመት ትገፋለች። ቤታቸው ድረስ እየሄድን አነጋገርናቸው። የነገሩን ብዙ ነው፤ ዐይኔ ታሽጎ ማን ይጋግራል፣ አጨዳ ላይ ማን ይተካኛል፣ ጎረቤቴ ተሠርታ ፀጉሩ ተመልሶ በቅሎባት የለ እንዴ።

ጽሑፉን መጀመሪያ ለአንድ የሕክምና መጽሔት ላክን፤ ወደ ገምጋሚ ሳይሄድ በሳምንቱ ተመለሰ። ቀጥሎ ውጭ አገር ለሚታተም አንድ የሶሲዮሎጂ መጽሔት ላክን፤ ስምንት ወር ጠብቀን የሁለት ገምጋሚዎች አስተያየት መጣ። የመጀመሪያው ደግ ነበር። ሁለተኛው፣ ተመራማሪዎች በቀልድ «ሪቪውር ቱ» የምንለው፣ አራት ገጽ ጽፏል።

ከአራቱ ገጽ የሚያናድድም የሚያስተምርም ነበረበት። ሴቶቹ የፈረሙበት የስምምነት ወረቀት ይያያዝ አለ። አብዛኞቹ ፊደል አልቆጠሩም፤ የጣት አሻራ አድርገዋል፣ ከፊሎቹም ምስክር ባለበት በቃላቸው ተስማምተዋል፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴውም የፈቀደው ይህንኑ ነው። ይህን ለማስረዳት ደብዳቤ መጻፍ ነበረብን። እንግሊዝኛው አፍ መፍቻው በሆነ ሰው ይታረም አለ፤ የትኛው ዐረፍተ ነገር እንዳልገባው ግን አልጠቆመም። የደጋው መንገድ ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ የጻፍነውን «የተጋነነ ይመስላል» አለ። ጉና ሥር በክረምት በእግሩ ሄዶ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም።

ከዚያ ሁሉ መሐል ግን አንድ ጥያቄ ነበር። «እነዚህ ሴቶች ወረንጦን የሚጠቀሙት ባለማወቅ ነው ወይስ አስልተው?» የሚል። ጓደኛዬ ይህን ስታነብ «ይኼ ሰውዬ ገብቶታል» አለች። ወደ ማስታወሻችን ተመለስን። መልሱ ሴቶቹ በነገሩን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ያሰሉ ነበር፤ የሚያመውን የዛሬ ነቀላ ከማያስተማምነው ቀዶ ሕክምናና ከሚያልፋቸው አጨዳ ጋር እያመዛዘኑ። ሕክምናውም ከሴቶቹ ስሌት የራቀ አልነበረም። በ2011 «ፕሎስ ሜዲሲን» ላይ የወጣ፣ በአማራ ክልል 1300 ታማሚዎች የተሳተፉበት ሙከራ፣ ጥቂት ፀጉር ብቻ የዞረባትና ቀዶ ሕክምና የማትፈልግ ታማሚ በጥሩ ወረንጦ መንቀል አማራጭ ሊሆናት እንደሚችል አሳይቷል። በ2016 ደግሞ በኢትዮጵያዊ ተመራማሪ መሪነት በክልላችን 1000 ታማሚዎች ላይ ተሠርቶ «ላንሴት ግሎባል ሄልዝ» ላይ የወጣው ሙከራ፣ ሁለት የቀዶ ሕክምና ዓይነቶችን አወዳድሮ በዓመቱ የፀጉሩ መመለስ በአንደኛው 13 ከመቶ፣ በሌላኛው 22 ከመቶ መሆኑን አገኘ። «ጎረቤቴ ተመልሶባታል» ያለችው እናት ወሬ አላወራችም።

ጽሑፋችን ከዚያ ጥያቄ በኋላ ሌላ ጽሑፍ ሆነ። ከመጀመሪያው ልከን እስኪታተም ግን ሁለት መኸር አልፏል። ስለዚህ ሳንጠብቅ ግኝቱን በአንድ ገጽ አማርኛ ጽፈን ለሚመለከታቸው የወረዳ ጤና ባለሙያዎች ሰጠን። ዋናው መልእክት አንድ ነበር፤ ዘመቻውን አጨዳ ላይ አታድርጉት። አንዱ ወረዳ ቀኑን ከውቂያ በኋላ አደረገው። ያቺ አንዲት ገጽ በየትኛውም መጽሔት አልተገመገመችም፤ በእድገት ነጥብም አትቆጠርም።

ገምጋሚውን ማን ይገመግማል?

ይህን የምለው ግምገማን ለማጣጣል አይደለም። ግን ግምገማ ራሱ ተመርምሯል፤ ውጤቱን ማወቅ ይጠቅመናል። በ1982 ፒተርስና ሲሲ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አስቀድሞ የታተሙ 12 ጽሑፎችን ወሰዱ። የታወቁትን ጸሐፊዎችና ዩኒቨርሲቲዎች ስም አንሥተው በማይታወቅ ስም ተኩና ወደነዚያው መጽሔቶች መልሰው ላኩ። ከታተሙ ሦስት ዓመት ያልሞላቸው ጽሑፎች ነበሩ። መታተማቸው የታወቀው ሦስቱ ብቻ ናቸው። ከቀሩት ዘጠኙ ስምንቱ ውድቅ ሆኑ፤ ለብዙዎቹ የተሰጠው ምክንያት የጥናት ዘዴያቸው ደካማ ነው የሚል ነበር። በ2017 እንግሊዝ አገር በሐኪሞች ላይ የተሠራ ሙከራ ደግሞ፣ ያው የጥናት ማጠቃለያ ከሀብታም አገር የመጣ ሲመስል ሐኪሞች ይበልጥ ጠቃሚ ነው ብለው እንደሚመዝኑት አሳይቷል። እንዶድን ያስታውሷል።

የእኛም ጓዳ ንጹሕ አይደለም። ስም መሸፈን ትልቅ ሙያ ባለበት አገር ይሠራ ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን «ደቡብ ጎንደር፣ ትራኮማ፣ ቃለ መጠይቅ» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ ገምጋሚው የማን እንደሆነ በመጀመሪያው ገጽ ያውቀዋል። ከዚያ ሁለት ነገር ይመጣል፤ ቂም ወይ ይሉኝታ። ቂሙን ሁሉ ያወራዋል። እኔ ይበልጥ የምፈራው ይሉኝታውን ነው። «መምህሬ ነው እንዴት አርመዋለሁ»፣ «ልጁ እድገት እየጠበቀ ነው፣ ይለፍለት» ይባላል። ሁለት መስመር ተጽፎ «ጥሩ ነው፣ ይታተም» ይባላል። ያ ጽሑፍ ነገ የመድኃኒት መጠን ይወሰንበታል።

ሌላው ገበያው ነው። እድገት በታተመ ጽሑፍ ቁጥር ሲለካ፣ ገንዘብ ተቀብሎ በሳምንት ውስጥ «ተገምግሟል» የሚል መጽሔት ወዲያው ተፈጠረ። ወጣት መምህር ደመወዙን ከፍሎ ጽሑፉን እዚያ ይቀብረዋል። ልፋቱ እውነተኛ፣ መረጃው እውነተኛ፣ ግን ያነበበው የለም፤ ያላነበበው ሰው ደግሞ አያርመውም። ትክክለኞቹ መጽሔቶች ከእኛ አገር ለሚመጣ ጸሐፊ ክፍያ የሚያነሡበት አሠራር እንዳላቸው ያልሰማ ብዙ ነው። ይህን የሚነግረው ታላቅ አጥቶ ነው።

የቤተልሔሙን ምስክርነት ከዚህ ጋር ሳስተያየው የሚለዩት ሦስት ነገሮች ናቸው። መርማሪው ፊት ለፊት ይታወቃል። ሚዛኑ አንድ ነው፤ መጽሐፉ እዚያው አለ። ያልሞላለትም ተማሪ የቱ ጋ እንደጎደለ ተነግሮት፣ ተቀምጦ አጥንቶ፣ እንደገና ይቀርባል። መምህሩ ለተማሪው ቢያዝኑም ምልክቱን አያልፉለትም። ዘመናዊው ግምገማ ደግሞ ቤተልሔም የሌላት አንድ ነገር አለው፤ እስከ ዛሬ የተባለው ሁሉ ስሕተት ነው ብሎ ለመጣ ሰውም፣ ማስረጃ ካለው፣ በሩ ክፍት መሆን አለበት ይላል። ድጓ እንዳለ ሊጠበቅ ይገባዋል፤ ሳይንስ ግን ካላዛር ደጋ ላይ የለም የሚለውን መለወጥ መቻል አለበት። ከሁለቱም የሚወሰድ አለ።

ከእኛ የሚጠበቅ

ይህን መጽሔት የምታነቡ አብዛኞቻችሁ ወይ ታስተምራላችሁ ወይ ታክማላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ሁለቱንም። ስለዚህ ልመናዬ ለእናንተ ነው።

የአገር ውስጥ መጽሔት አዘጋጆች ገምጋሚ አጥተው ሲለምኑ እሰማለሁ። ከውጭ መጽሔት ጥያቄ ሲመጣ በዚያው ቀን «እሺ» የምንል ሰዎች፣ ከጎንደር ወይም ከጅማ ሲመጣ ኢሜይሉን ሳንከፍት ወር እናሳልፋለን። በዓመት ሁለት የአገር ቤት ጽሑፍ በጥንቃቄ ማንበብ ለማንኛችንም አይከብድም። ስናነብ ደግሞ ወረንጦውን እንደጠየቀው ሰው እናንብብ፤ ጸሐፊው ያየውን ነገር ይበልጥ እንዲያየው የሚያደርግ አንድ ጥያቄ ከአራት ገጽ ነቀፋ ይበልጣል።

ጽሑፍ ከመላኩ በፊት እርስ በርስ እንነባበብ። ደብረ ታቦር ላይ ጥቂት ሆነን በወር አንድ ጊዜ ከሥራ በኋላ እንገናኛለን፤ ሐኪምም፣ ነርስም፣ የሶሲዮሎጂ መምህርም አለ። ቡና ይፈላል፣ የአንድ ሰው ጽሑፍ ይነበባል፣ ይሉኝታ በር ላይ ይቀራል። ልጆቹ መጀመሪያ ያኮርፋሉ፤ በሦስተኛው ወር ራሳቸው «የኔን ደግሞ እዩልኝ» ይላሉ።

ስለ ደቡብ ጎንደር ሰው የተጻፈ ጽሑፍ ሁሉ በአንድ ገጽ አማርኛ ወደ መጣበት ወረዳ ይመለስ። መጽሔቱ ዓመት ቢፈጅ ይፍጅ፤ ከግራር ሥር የሚተኛው ልጅ ግን ያን ያህል አይጠብቅም።

በዘንድሮው መገናኛችን ደግሞ አንድ ነገር ይዛችሁ እንድትመጡ እጠይቃለሁ፤ ውድቅ የተደረገባችሁን የአንድ ጽሑፍ ደብዳቤ፣ ከነገምጋሚው አስተያየት። ስም ያለበትን ሸፍኑት። በከሰዓቱ ፕሮግራም ላይ አንድ ጠረጴዛ ለዚህ እንዲሰጠን አዘጋጆቹን ጠይቄ ተስማምተዋል። ወጣቶቹ መምህራን የእኛን የታላላቆቻቸውን «አይሆንም» ቁጭ ብለው ያንብቡ፤ የትኛው አስተያየት ጽሑፍ እንዳዳነ፣ የትኛው ደግሞ ጉናን ካለማወቅ እንደመጣ እየለየን እንነግራቸዋለን። የእኔ አራት ገጽ ተባዝቶ ይጠብቃችኋል።